ሚዛኑ ያልነገረኝ

ጡረታ ከወጣሁ ወር ሳይሞላኝ፣ በእኔ ቦታ የተተካችው ነርስ ስልክ ደወለችልኝ። የጠፋባት መዝገብ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነገርኋት። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለችኝ። «በእናንተ ጊዜ ዋግ ውስጥ በውፍረት የሚታመም ሰው ነበር እንዴ?»

ሳቅሁ። «በእኛ ጊዜ ወፍራም ሰው ካየን ወይ ሹም ነው፣ ወይ እንግዳ ነው» አልኋት። እርሷም ስቃ ዘጋችው።

መልሱ ግን በአንድ ሳቅ የሚያልቅ አልነበረም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው መዝኛለሁ። ሥራ ስጀምር ሚዛን የሚወጣው የከሳው ብቻ ነበር። ሥራ ስለቅ በአንድ ወረፋ ውስጥ ክንዱ እንደ እንጨት የቀጠነ ሕፃንና ያንኑ ሕፃን ያዘለች፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት አያቱ አብረው ይሰለፉ ነበር። ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው እንዴት እንደደረስሁ፣ በመካከሉም ምን እንዳጠፋሁ ለመጻፍ ያሰብሁት ያን ቀን ነው። ስለ ደመወዝና ስለ እድገት የምጽፈው የለኝም፤ ሁለቱም ዘግይተው መጡ፣ ይበቃል።

የመጀመሪያ ምድቤ የዋጉ ዝቋላ ነበር። የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝና ደሴ ትምህርቴን ጨርሼ ስመደብ ያ አገር ይከብደኛል ብዬ አላሰብሁም። ከበደኝ። ከመኪና ወርጄ የቀረውን መንገድ ከገበያተኞች ጋር በእግሬ ስሄድ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍልና አንድ ዳስ ነበር። ከዳሱ አግዳሚ ላይ ክብ ሚዛን ተንጠልጥሏል፤ ከሚዛኑ ሥር ጋሼ ወልዱ ቆመዋል።

ጋሼ ወልዱ ድሬሰር ነበሩ። ድሬሰር ማለት ቁስል ከማጠብ ተነሥቶ በልምድ ብዙ የተማረ የድሮ የጤና ሠራተኛ ነው፤ የዛሬ ልጆች ቃሉንም አያውቁት ይሆናል። በወረቀት እኔ ከእርሳቸው በላይ ነበርሁ። በሥራ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ የእርሳቸውን እጅ ሳይ ከረምሁ።

ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት አምስት ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን ሚዛኑ ላይ ይሰቅላሉ። የጀሪካኑን ክብደት ያውቁታል። መርፌው ካለፈ ወይም ካነሰ ብሎኑን ያስተካክላሉ፤ ያ ሳይሆን አንድ ሕፃን አይመዝኑም። ልጅ ከመንካታቸው በፊት ሁለቱን መዳፋቸውን እሳት እንደሚሞቅ ሰው ያፋትጋሉ፤ ቀዝቃዛ እጅ ልጅን ያስለቅሳል፣ የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ ይንፈራገጣል፣ መርፌውም አይቆምም። ቁጥሩን መዝገብ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ለእናትየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይነግሯታል። «ልጅሽ የአንቺ ነው፤ ከወረቀቱ በፊት አንቺ ስሚው» ይሏታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የገረመኝ የሚጠይቁት ጥያቄ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት የተማርሁት «ምን ይበላል? በቀን ስንት ጊዜ?» የሚለውን ነው። እርሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከማን ጋር ነው የሚበላው?» ብለው ነበር። እናቶቹ ግራ ይገባቸዋል፤ ከዚያ ይናገራሉ። ትንሹ ልጅ ከአራት ታላላቆቹ ጋር ከአንድ ገበታ ይቀርባል፤ እርሱ አንድ ሲጎርስ እነርሱ አምስት ጎርሰዋል። ቤቱ ውስጥ ምግብ አለ፣ ልጁ ግን ይከሳል። «ለእርሱ የብቻው ሳህን ስጪው፤ አጠገቡም ተቀመጪ» ብለው ይልኳታል። ከሚሰጡት መድኃኒት የሚበልጠው ይህ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት እየሳቀች መጣች። ከስቶ የነበረው ልጇ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉንጩ ሞልቷል። ሚዛን ላይ አወጣሁት፤ ጨምሯል። ደስ ብሎኝ ልጽፍ ስል ጋሼ ወልዱ እጄን ያዙኝ። ጎንበስ ብለው በሁለት አውራ ጣታቸው የልጁን ሁለት እግሮች ከላይ ተጫኑና በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ እስከ ሦስት ቆጠሩ። ጣታቸውን ሲያነሡ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቀረ። ሥጋ አልነበረም፤ እብጠት ነው፣ በምግብ እጦት ሰውነቱ ውኃ ይዞ ነው። «አየሽ፣» አሉኝ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ሚዛን የሚነግርሽ ስንት እንደሆነ ነው። ምን እንደሆነ አይነግርሽም።»

ልጁ ዳነ። ትምህርቱን ግን የያዝሁት አይመስለኝም።

ከስድስት ዓመት በኋላ እዚያው ዋግ ውስጥ ወዳለው ፃግብጂ ተዛወርሁ። በዚህ ጊዜ የከሱ ልጆች የሚተኙበት ክፍል በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበር። የሕክምናው ወተት አበጣጠሩ፣ ሰዓቱ፣ በለውዝ የተሠራው ፓኬት ምግብ አሰጣጡ ሁሉ እጄ ገብቶ ነበር። በራሴ ተማምኛለሁ። እንዲያውም ከመጠን በላይ።

ብርቄ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ያመጧት ያን ጊዜ ነው። ያመጧት እናቷ ወይዘሮ ለተብርሃንና የነፍስ አባታቸው አንድ ቄስ ነበሩ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በእግሯ ገባች። ነጠላዋን ስታወርድ እንዲህ የከሳች ሴት በእግሯ መሄዷ ገረመኝ። የሳንባ ምርመራ አደረግንላት፣ የደም፣ የሰገራ ምርመራ፤ ምንም የለም። ቤታቸው ማሽላ አለ፣ ፍየል አለ፣ ወተት አለ። ረሃብ ያልገባበት ቤት ነው።

ቄሱ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ሰው በእኔ ያመካኛል» አሉኝ። «ከፍልሰታ ጀመረች፣ ጥሩ ነው አልን። ጽጌን ጾመች፣ ጥሩ ነው አልን። ከዚያ ወዲያ ግን ቤተ ክርስቲያን ያላዘዘችውን ነው የምትጾመው። ብይ ብዬ ገዝቻታለሁ። እሺ ትላለች፤ አትበላም።»

አልጋ ሰጠኋት። ማታ ማታ እናቷ ከአልጋው ሥር ትተኛለች። ሁለተኛው ቀን ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት፦

«ምግቡ ይቀፍሻል?»

«አይቀፈኝም።»

«ያስመልስሻል?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ስበላ እከብዳለሁ» አለች።

«አንቺ? አንቺ ከነፋስ የቀለልሽ ነሽ!»

«እርስዎ አያውቁትም ሲስተር። ሆዴ ባዶ ሲሆን ራሴ ጥርት ይልልኛል። ሌላውን ሁሉ ሰው ነው የሚያዝልኝ። ይህን ግን እኔ ነኝ የማዘው።»

ይህን ነገረችኝ። በገዛ አፏ፣ ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ የልጅ ነገር ነው ብዬ ተነሣሁና ወተቱን ለማዘጋጀት ሄድሁ። በእኔ ዘንድ የከሳ ሰው መድኃኒቱ ምግብ ነበር፤ ምግቡ መግባቱን የሚያረጋግጠው ደግሞ ሚዛኑ።

ሕፃናቱን ራቁታቸውን ነበር የምንመዝነው። ብርቄ ግን ልጃገረድ ናት፤ ስታፍር አይቼ ከነልብሷ እንድትመዘን ፈቀድሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ጨመረች። በሁለተኛው የበለጠ ጨመረች። ሳህኗ ባዶ ሆኖ ይመለሳል። የክፍሉን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ሳየው የእርሷ መስመር ከሁሉ ቀጥ ብሎ የወጣ ነበር።

በዚያ ሰሞን ኃላፊያችን አልጋ እንደጠበበን ነገረኝ። ጥፋቱን በእርሱ ላይ አልጥልም፤ እኔም ራሴ ልለቃት ወስኜ ነበር። ጠዋት ወረቀቷን ስጽፍ ወይዘሮ ለተብርሃን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሲስተር፣ ልጄ አልበላችም» አለችኝ። አማርኛዋ ሲቸግራት በኽምጥኛ ደገመችው፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና በደንብ ሰማኋት። «ሳህኑን ባዶ የምታደርገው ለጎረቤት አልጋ ልጆች እየሰጠች ነው። እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ነው። ዐይኖቿን አውቃቸዋለሁ፤ አልበላችም።»

«እናት ሁልጊዜ አልበላችም ነው የምትለው» አልኋት። መዝገቡን አዞርሁላት፣ ማንበብ እንደማትችል እያወቅሁ። «እዪው፤ ሚዛኑ ይናገራል።»

ወይዘሮ ለተብርሃን መዝገቡን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ የልጇን ጓዝ ልትሸክፍ ሄደች።

ብርቄ ከወጣች በሦስተኛው ሳምንት ቤቷ ውስጥ ሞተች። ወሬውን የሰማሁት ከቄሱ ነው። በማግሥቱ ለቅሶ ሄድሁ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥሁ። እዚያ ስቀመጥ ነው የቤቱን ታሪክ የሰማሁት። የብርቄ ታላቅ እህት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳ ድምፅዋ ጠፍቷል። ቀጥሎ ብርቄን ትምህርቷን አስትተው ሊልኳት ቤተ ዘመዱ መክሮ ነበር። ምግብ የተወችው ያን ሰሞን ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኝ ነበር። አሥራ አምስት ቀን አጠገቧ ነበርሁ፤ አልጠየቅኋትም።

ልነሣ ስል ወይዘሮ ለተብርሃን ወደ ጓዳ ገብታ ተመለሰችና መዳፌን ይዛ አንድ ነገር አስጨበጠችኝ። ጠጠሮች ነበሩ፤ ለስላሳ የወንዝ ጠጠሮች። «ቀሚሷን ሳጥብ ከጠርዙ ውስጥ አገኘኋቸው» አለችኝ። «የጨመረው ይህ ነው።»

አልጮኸችብኝም። ጠጠሮቹን ወንዙ ዳር ስደርስ መለስኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን አልተውሁም፤ የተውሁት እርግጠኝነቴን ነው። ለአዋቂ ሴቶች መጋረጃ አሰፍቼ፣ ቀለል ያለ ሸሚዝ አሰፍቼ ከመጋረጃው ጀርባ መመዘን ጀመርሁ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ እናት ስትናገር እስክሪብቶ አስቀምጦ መስማት ነበር። ጋሼ ወልዱ ይህን ሁሉ ያለ መጋረጃና ያለ ሸሚዝ ያውቁት ነበር። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ዝቋላ ይኖሩ ነበርና ሄጄ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «የሚቀጥለውን ሰው እንዴት እንደምታዪው ንገሪኝ» አሉኝ እንጂ አላጽናኑኝም፤ አልወቀሱኝምም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄጄ፣ አንድ የአእምሮ ሐኪም ምግብ እያለ ምግብን ስለሚሸሹ፣ ወይም ተደብቀው ከልክ በላይ ስለሚበሉ ሰዎች አስረዳን። ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ የጥጋብም የእልክም አይደለም፣ ሲደበቅ ይገድላል አለ። ታማሚዎቹ ክብደታቸውን እንዴት እንደሚደብቁ ሲዘረዝር ተነሥቼ ወጣሁ። ሥልጠናውን የጠላሁት መስሏቸው ይሆናል። ከአዳራሹ ውጭ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ቆየሁና ተመለስሁ፤ የቀረውን ሁሉ ጻፍሁ።

በመጨረሻ ሰቆጣ ከተማ ገባሁ። ጦርነቱ መጥቶ ሄደ፤ በዚያ ጊዜ ያየሁት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ከዚያ በኋላ የተመደብሁት የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ነው። ስመደብ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ «አረፍሽ ሲስተር፣ ሰው የሌለበት ክፍል ገባሽ» ብሎኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አግዳሚው አልበቃ አለ። የገጠሩ ሰው ከተማ ገብቷል፤ ቀን ሙሉ በእግሩ ይሄድ የነበረው ባጃጅ ላይ ይወጣል። ሱቁ ሁሉ ዘይትና ብስኩት፣ ለስላሳና ስኳር ነው። ውፍረት ደግሞ በእኛ አገር ነውር አይደለም። «አማረብሽ፣ ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው። ረሃብ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያለፈበት ሕዝብ ሌላ ምን ይበል?

ክፍሌ ግድግዳ ላይ ጤናማ አመጋገብ የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፎ ነበር። ዓሣ አለበት፣ ወይን አለበት፣ ስሙን የማናውቀው እንደ ዛፍ ያለ አረንጓዴ አትክልት አለበት። አንድ ሽማግሌ ለብዙ ጊዜ ትክ ብለው አይተውት «ይህ የየት አገር ሰው ምሳ ነው?» አሉኝ። ሥዕሉን አንሥቼ በቦታው በእጄ የጻፍሁትን ለጠፍሁ፤ የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እርጎ፣ የተቀቀለ ሽንብራ። ከጎኑ ሻይ ያለ ስኳር። በዚህ በመጨረሻው ነው ከሰው ጋር በጣም የተጣላሁት።

ስንዱ የመጣችው በእግር ቁስል ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳ ከእናቷ ከወይዘሮ ጥሩ ጋር ሰቆጣ ትኖራለች። ስትሄድ ቀጭን ልጅ ነበረች ይላሉ፤ የመጣችው ግን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ እየተቆረጠ ነው። ጫማ የላጠው የቀኝ እግሯ ትንሽ ጣት ጠቁሯል። ደሟን ስንለካ ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሏል።

እናቷ አብረዋት ገቡ፤ ወፍራም ልጃቸውን በክንድ ይዘው፣ ኮርተውባት። መድኃኒቱን፣ የቁስሉን አስተጣጠብ ነገርኋቸውና ክብደቷ መቀነስ እንዳለበት ስጀምር ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄን ልታከሺብኝ ነው?» አሉኝ። «እኔ በሰባ ሰባት ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ከስተው ነው የሞቱት። ይህችኛዋ ወፍራ ስትመጣ እግዚአብሔር ካሰኝ ነው ያልሁ። አንቺ ደግሞ ቀንሺ ትያታለሽ!»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁና እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። ስለ ሁለቱ ልጆች ብዙ ነገሩኝ፤ ስማቸውን፣ የትኛው ቀድሞ መናገር እንደጀመረ። ስንዱ መሬት መሬት ታያለች።

ለሁለት ወር ተመላለሰች። ስኳሩ አልወረደም። ምን እንደምትበላ ስጠይቃት ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፦ ጠዋት ሻይ፣ ምሳ ሩብ እንጀራ፣ እራት ትንሽ። እናቷም ይምላሉ፦ «ከእኛ ጋር ምንም አትበላም፤ እንደ ወፍ ናት።» የክፍሉ ወጣት ነርስ ስንዱ እስክትወጣ ጠብቃ «ትዋሻለች» አለችኝ። ምናልባት። የዋሸችኝን ልጅ አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ አውጥቼ አምኜአት ነበር፤ እውነት የነገረችኝን እናቷን ደግሞ አላመንሁም። አሁን ሁለቱንም መድገም አልፈለግሁም።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እናቷን ውጭ እንዲጠብቁን ለመንሁ። ስንዱን ሚዛን ላይ አላወጣኋትም። ቁስሏን እያጠብሁ፣ ፊቷን ሳላይ፣

«ስትበዪ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» አልኋት።

እግሯ እጄ ላይ ነበር፤ ሲደነግጥ ተሰማኝ።

«ከማንም» አለች።

ጥጡን ቀይሬ ማጠቤን ቀጠልሁ።

«እዚያ ገበታ አይቀርብልኝም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ከሳህናቸው የተረፈውን፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ነው የምበላው። እመቤቲቱ ከመጣች እተወዋለሁ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ፣ ሳላኝክ። ከዚያ ለምዶብኝ... አሁንም ሰው ፊት አይወርድልኝም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጓዳ እገባለሁ። ያለውን ነው የምበላው ሲስተር። ዳቦ፣ ስኳር፣ የደረቀ እንጀራ። ሆዴ እስኪያመኝ። ከዚያ እናደዳለሁና በማግሥቱ ምንም አልበላም። ከዚያ ደግሞ...»

«ከዚያ ደግሞ ይርብሻል» አልሁ።

«ይርበኛል። ስግብግብ ነኝ መሰለኝ።»

«ስግብግብ አይደለሽም። ሕመም ነው፣ ስምም አለው። አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔ ቁስሉን ጠቅልዬ እስክጨርስ አላቆመችም፤ እኔም አላቻኮልኋትም።

ያደረግነው ነገር ቀላል ነው፤ ለመናገር ማለቴ ነው። ዝርዝር አልጻፍሁላትም፣ ይህን አትብዪ አላልኋትም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቁጭ ብላ፣ በእጇ ሌላ ሥራ ሳትይዝ፣ ከእናቷ ጋር እንድትበላ ተስማማን። ጠዋት እንዳትዘል፤ ጠዋት የዘለለ ከሰዓት ጓዳ ይገባል። ደሴ ያለ አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ላክኋት፤ በወር አንድ ጊዜ ትሄድ ጀመር። መድኃኒቱንና ጾሙን ለማስታረቅ የነፍስ አባቷን ራሷ አነጋገረች።

የቀሩት እናቷ ነበሩ። ልጃቸው ስትቀመጥ አይተው ደስ ስለሚላቸው እንጀራ ላይ እንጀራ ይጨምሩባታል፤ ስትተወው ይቆጣሉ፤ ሲቆጡ ትነሣለች፤ ጓዳው ይከተላል። ስንዱ ፈቅዳልኝ አንድ ቀን እቤታቸው ሄድሁ። ወይዘሮ ጥሩን በር ላይ አገኘኋቸውና ስለ ብርቄ ነገርኋቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ ጠጠሮቹ። ከጋሼ ወልዱ ሌላ ለማንም ነግሬው አላውቅም ነበር።

«ከስታ ነው የሞተች» አሉ ነግሬያቸው ስጨርስ፤ ለእርሳቸው ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ነበርና።

«አይደለም እማማ። የሞተችው እናቷ ስትነግረኝ ስላልሰማኋት ነው። እኔ የማውቀውን ነበር የማየው። እርስዎም አሁን የሚያዩት በሰባ ሰባት የቀበሯቸውን ነው። ስንዱ ሌላ ሰው ናት። የምትሞተው በማጣት አይደለም።»

ተናደውብኝ ወደ ቤት ገቡ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ጥሩ ነገር አደረግሁ ወይስ አበላሸሁ፣ ለሳምንታት አላወቅሁም።

ጣቷ ተቆረጠ፤ እግሯ ግን ተረፈ። በስድስት ወር ውስጥ ስኳሩ ወረደ። ክብደቷ ትንሽ ቀነሰ፤ ቀጭን አልሆነችም፣ ትሆናለችም ብዬ አላስብም። ፋሲካ ላይ ተመልሳ ጓዳ ገብታ ነበር፤ መጥታ ራሷ ነገረችኝ። ከዚህ በላይ የሚያኮራኝ የሕክምና ውጤት የለኝም፤ መጥታ መንገሯ። እኔም በዚያው ዓመት ሦስት ቦታ ፈርሜ ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ሥላሴ የወይዘሮ ጥሩ ጎረቤት ዝክር ነበራትና እኔንም ጠራችኝ። ቤቱ ጢም ብሏል። ስንዱ ከእናቷ ጋር ገብታ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች፤ እኔ ከፊት ለፊታቸው ነበርሁ። ሳህን ያዘች። እያወራች፣ እየሳቀች፣ ጎረቤቶቿ መካከል ተቀምጣ ቀስ ብላ በላች፤ እጇን ልታብስ ስትል ጎረቤቲቱ ወጥ የያዘ ድስት ይዛ መጣች።

«ምነው ስንዱ? ይህን ሰውነት ይዘሽ በዚህ ትጠግቢያለሽ?» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ።

«በቃኝ እትዬ። ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! አንዲት ብቻ፣ ለሥላሴ!» ብላ ጎረቤቲቱ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፏ አስጠጋች።

ፈገግታው ከስንዱ ፊት ሲጠፋ አየሁ። ልናገር አሰብሁ፤ ግን የሰው ቤት ነው፣ ጡረታም ወጥቻለሁ።

ወይዘሮ ጥሩ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ሳህን ከደኑት።

«በሞትሽ አትለምኛት» አሉ። «በቃኝ ብላለች።»

ጎረቤቲቱ ጉርሻውን በእጇ እንደያዘች ቆመች፤ ጉርሻ አንዴ ከተጠቀለለ አይመለስም። ግራ ቀኝ አየችና ዞር ብላ እኔን አጎረሰችኝ።